ከጣና ዳር እስከ ጢስ ዓባይ፦ በድርቁ ቦይ ላይ

ይህ ማስታወሻ ከኅዳር 8 እስከ 11 ቀን 2012 ዓ.ም. በእግር ስንጓዝ በየማታው የጻፍኩት ነው። ከዚያ ወዲህ የመጡት ዓመታት በአካባቢያችን በእግሩ ለሚዞር ሰው የተመቹ አልነበሩምና ደብተሩ ተዘግቶ ቆየ። ሰሞኑን ከፍቼ ሳነበው ግን ሐሳቡ ገና ትኩስ ሆኖ አገኘሁት። ስለዚህ እዚህም እዚያም የዛሬ አስተያየቴን እየጨመርኩ አቅርቤዋለሁ።

ዓባይ ከጣና ወጥቶ ጢስ ዓባይ ፏፏቴ እስኪደርስ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። በዚህ ርቀት የሐይቅ ዳር መንሸራሸሪያ አለ፤ የገበሬ ጥርጊያ አለ፤ የቦይ ዳር መንገድ አለ፤ ቤተ ክርስቲያን ሳሚዎች የሚሄዱበት ዱካም አለ። የጠፋው እነዚህን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያያይዝ ነው። እኔ የከተማ ፕላን ባለሙያ ነኝ፤ አብሮኝ የሄደው ጓደኛዬ ቀያሽ ነው። ማንም አላዘዘንም። የዓመት ፈቃዳችንን በአንድ ሳምንት አደረግንና መንገዱ የት እንደሚቀጥል፣ የት እንደሚቋረጥ በእግራችን ልናይ ተነሣን። የያዝነው አንድ ካርታ፣ አንድ ሌቭል (የመሬትን ከፍታና ዝቅታ የሚለካ መሣሪያ) ከነመቆሚያው፣ እየተንከባለለ ርቀት የሚለካ ጎማ፣ ሁለት ብርድ ልብስና ዳቦ ነበር።

ሰኞ፣ ኅዳር 8። ከጊዮርጊስ እስከ ቤዛዊት

ከባሕር ዳር ጊዮርጊስ ደጃፍ የተነሣነው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ኪዳን አስደርሰው የሚመለሱ እናቶች ነጠላቸውን እያጣፉ ወደየቤታቸው ይሄዳሉ። ሐይቁ ላይ ስስ ጉም ተኝቷል። ከዘጌ በኩል እንጨት የጫኑ የደንገል ታንኳዎች በጉሙ ውስጥ አንድ በአንድ ብቅ ይላሉ። የደንገል ታንኳ ሲጫን ግማሹ ውሃ ውስጥ ስለሚገባ፣ ቀዛፊው ከሩቅ ሲታይ ውሃው ላይ እንዲሁ የተቀመጠ ይመስላል። ባሕር ዳር ኖሬ ይህን ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ዛሬም ቆሜ አየሁት።

ጓደኛዬ ግን የሚያየው ግንቡን ነበር። የሐይቁን ዳር በሚይዘው የድንጋይ ግንብ ላይ፣ ከጉልበት ከፍ ብሎ፣ የደረቀ እምቦጭና የደንገል ስብርባሪ እንደ ክር ተሰምሮ ቀርቷል። ውሃው ዘንድሮ የደረሰበት የመጨረሻ ከፍታ ያ ነው። ጣና ሞልቶ የሚታየው ክረምቱ ሲወጣ፣ በመስከረምና በጥቅምት መባቻ ነው፤ የሚጎድለው ደግሞ ዝናቡ ከመግባቱ በፊት፣ በግንቦትና በሰኔ ነው። በሰኔ መጥቶ የእግረኛ መንገድ የሚቀይስ ሰው ሰፊ ደረቅ ዳርቻ ያገኛል፣ ደስ ብሎት ችካል ይተክላል፤ በመስከረም ችካሉ ውሃ ውስጥ ይሆናል። እኛ ያን የእምቦጭ መስመር መነሻ አድርገን፣ መንገዱ ከእሱ በላይ እንዲሆን ጻፍን። እምቦጩ ራሱ በሰሜን ዳርቻ መታየት ከጀመረ ያኔ ገና ስምንት ዓመት ገደማ ነበር፤ ለገበሬውና ለዓሣ አጥማጁ ያመጣውን መከራ ግን ሁሉም ያውቀዋል። መጥፎው አረም ለእኛ የከፍታ ምልክት ሆኖ ሲያገለግል ማየት እንግዳ ነገር ነው።

ጥቂት እንደተጓዝን መንገዱ ተዘጋ። የአንድ ሆቴል አጥር እስከ ውሃው ድረስ ገብቷል። ጥበቃው ጨዋ ሰው ነው፤ "ታዝዤ ነው ወንድሞቼ" አለን። ወደ አስፋልቱ ወጥተን፣ በአጥሩ ጀርባ ዞረን፣ እንደገና ወደ ውሃው ወረድን። ከዚያም ሌላ አጥር፣ ቀጥሎም ሌላ። የጣና ዳርቻ የከተማው ሰው ሁሉ ነው ብዬ አምናለሁ፤ በ2015 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ ሐይቁንና ዙሪያውን "ሰውና ባዮስፌር" በተባለው መርሐ ግብሩ በጥብቅ ሥፍራነት ሲመዘግበውም "ሰው" የተባለው ክፍያ የከፈለ እንግዳ ብቻ አይደለም። ሦስት ሜትር ስፋት ያለው መተላለፊያ ለአንድ ሆቴል ምንም አያጎድልበትም። እንዲያውም እግረኛ የሚያልፍበት ቡና ቤት ገበያው ይደራል።

ምሳ የተጠበሰ ቆሮሶ በላን። ዓሣውን ያቀረበልን ልጅ ምን እንደምንለካ ጠየቀን፤ ነገርነው። "ማታ ማታ እንዳትለኩ፤ ጉማሬው ሣር ሊግጥ ይወጣል" አለ። የተናገረው ለቀልድ አይደለም። ከዓባይ መውጫ አጠገብ፣ በደብረ ማርያም ደሴት በኩል ያሉት ጉማሬዎች ሲመሽ ወደ የብስ ይወጣሉ፤ የሚወጡበት ጎድጓዳ ዱካም በደንገሉ መሃል ቁልጭ ብሎ ይታያል። መንገዱ እነዚህን ዱካዎች የሚያቋርጥባቸውን ሁለት ቦታዎች ቀይ ምልክት አደረግንባቸው። እዚያ ላይ ከውሃው ራቅ ብሎ ማለፍ ይሻላል።

ጨራጨራ የደረስነው ከሰዓት በኋላ ነው። ይህ ዝቅተኛ ግድብ ጣና ወደ ዓባይ የሚለቀውን ውሃ የሚመጥን ነው። በ1996 እ.ኤ.አ. ሲጠናቀቅ 2 የብረት በሮች ነበሩት፤ በ2001 ደግሞ 5 ተጨምረው 7 ሆኑ። ከዚያ በፊት ሐይቁ እንደ ፈቃዱ ይፈስ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ከበታች ያለው ወንዝ በጋና ክረምት ምን ያህል እንደሚሆን የሚወሰነው በሰው እጅ ነው። ስለዚህ ወንዝ ዳር መንገድ የሚያስብ ሰው የሰማዩን ዝናብ ብቻ ሳይሆን የበሮቹንም መከፈት ማሰብ አለበት።

በአሮጌው ድልድይ አጠገብ ያኔ አዲሱ የዓባይ ድልድይ ገና በሥራ ላይ ነበር። በደብተሬ "አዲሱ ሲያልቅ የእግረኛው ነገር ምን ይሆን?" የሚል ጥያቄ ጽፌ አስምሬበታለሁ። ድልድዩ በግንቦት 2016 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ርዝመቱ 380 ሜትር፣ ስፋቱ 43 ሜትር ነው፤ ለእግረኛና ለብስክሌት የተለየ መተላለፊያ ወጥቶለታል። ያ አንዱ ክፍተት ተደፍኗል፤ በእውነት ደስ ብሎኛል።

ሲመሽ ቤዛዊት ኮረብታ ላይ ወጥተን ነገ የምንሄድበትን አየን። ዓባይ በደሴቶች ተከፋፍሎ፣ እንደገና እየተገናኘ፣ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይወርዳል። ከላይ ሆኖ ሲያዩት መንገድ ማበጀት ቀላል ይመስላል። ወደ ከተማ ተመልሰን አደርን።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9። ድርቁ ቦይ

ለዚህ ጉዞ የወጣነው ለዚህ ቀን ነው ማለት ይቻላል።

በጢስ ዓባይ የጠጠር መንገድ ከከተማው ወጥተን፣ መኪና በሚያስነሣው አቧራ መሄድ ሲሰለቸን ወደ ወንዙ ወረድን። በሁለቱም በኩል ጫት ነው፤ መሃል መሃሉን ማንጎ፣ ሸንኮራ አገዳና ቡና ገብቶበታል። ከየማሳው የሞተር ፓምፕ ድምፅ ይሰማል፤ ሰማያዊ ቱቦ ከዓባይ ተነሥቶ እየተጥመለመለ ወደ ላይ ይወጣል። ነዳጅ የሚገዛበት ያለው ያጠጣል፤ የሌለው ዝናብ ይጠብቃል። የእግር መንገዱ በማሳዎቹ ድንበር ላይ ይሄዳል፤ አንዳንድ ቦታ አንድ ሰው ብቻ የሚያሳልፍ ነው። የጫት ሸክም ይዛ የምትመጣ ሴት ስታጋጥመን ወደ ጎን ቆመን እናሳልፋለን።

ሁለት ሰዓት ያህል ከተጓዝን በኋላ ረዘም ያለ፣ ቀጥ ያለ መደብ ከፊታችን ታየ። ሰው የሠራው መሆኑን ቀጥታነቱ ይመሰክራል። ስንጠጋው የመስኖ ቦይ ነው። ወለሉና ግድግዳው በሲሚንቶ የተለበጠ፣ ከውስጡ ሣርና ቁልቋል የበቀለበት፣ የተሰነጠቀ፣ ውሃ የራቀው ቦይ። በአንድ ጎኑ ሁለት ሜትር ገደማ የሚሰፋ የተደለደለ አፈር አብሮት ይሄዳል፤ ሲሠራ ለጥገና የተተወ መሆን አለበት። ያ አፈር ሣር አልበቀለበትም። በእግር ብዛት ተረግጦ እንደ አውድማ ጠንክሯል።

ጓደኛዬ ሌቭሉን ተክሎ 100 ሜትር ለካ። ከዚህ ጫፍ እስከዚያኛው የወረደው 5 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ለውሃ ሲባል የተሠራ መንገድ ለሰው ጉልበትም እንዲህ የተመቸ ይሆናል፤ ዳገት የለው፣ ቁልቁለት የለው። አሮጊት በምርኩዝ፣ እናት ልጅ አዝላ፣ ዓይነ ስውር በዘንግ የሚሄድበት ነው።

ይህን ነገር ቀድሞ ያወቁት አሉ። በኒው ዮርክ የድሮው የክሮተን የውሃ መስመር ከ1837 እስከ 1842 እ.ኤ.አ. ተሠራ። 66 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው፣ በጡብና በድንጋይ የታነጸ ዋሻ መሰል ቦይ ነው፤ ያለ ምንም ፓምፕ፣ በስበት ብቻ ከክሮተን ወንዝ ውሃ ወደ ማንሃታን ያወርድ ነበር። ተዳፋቱ በአንድ ኪሎ ሜትር 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። መሐንዲሱ ጆን ጀርቪስ በየማይሉ አየር የሚያስተነፍስ የድንጋይ ማማ አቁሞበታል። ማማዎቹ ዛሬም አሉ፤ እግረኛው የደረሰበትን የሚያውቀው በእነሱ ነው። ከተማዋ ስታድግ ውሃው አነሰ፤ በ1890 ትልቁ አዲስ መስመር ሥራ ጀመረ፤ አሮጌውም እስከ 1955 ድረስ ሲያግዝ ቆየ። በ1968 የኒው ዮርክ ግዛት 42 ኪሎ ሜትር ያህሉን ገዝቶ የሕዝብ የእግር መንገድ አደረገው። ያ መሬት የመቶ ሠላሳ ዓመት ያህል ታሪክ ያለው የአንድ ባለቤት ቀጭን መሬት በመሆኑ፣ መንደሮችን ሳያፈርስ በየጓሮው መሃል ያልፋል።

ለብዙ ጊዜ ይህን ምሳሌ እያነሣሁ ለጓደኞቼ ስናገር ኖሬያለሁ። እዚህ ቦይ ላይ ቆሜም ለጓደኛዬ ይህንኑ ደገምኩለት። ከኋላችን ሰው መጥቶ ሲያዳምጠን ነበር፤ አላየነውም።

"እናንተ ልጆች፣ ቦዩን ልትወስዱት ነው?"

ነጭ ጺም ያላቸው፣ ጋቢ የለበሱ፣ ማጭድ በክንዳቸው ያንጠለጠሉ ሽማግሌ ናቸው። ጤፍ ሲያጭዱ አይተውን ነው የመጡት።

"አይ አባቴ፤ ልንለካው ነው። የእግር መንገድ ቢሆን ብለን።"

"መንገድማ ነው" አሉ። ከዚያ ቦዩ ጠርዝ ላይ ተቀመጡና ታሪኩን ነገሩን። ቦዩ ሲሠራ ጎልማሳ ነበሩ፤ ድንጋይ ካቀረቡት አንዱ እሳቸው ናቸው። ውሃው ከዓባይ በትልቅ ፓምፕ ተስቦ እዚህ አናት ላይ ይፈሳል፤ ከዚህ በየማሳው ይከፋፈላል። የውሃ አባት ተመርጦ፣ ተራ ወጥቶ፣ ሽንኩርትና ቲማቲም በበጋ መብላት ተጀምሮ ነበር። ፓምፑ ተበላሸ። መለዋወጫ ይመጣል ተባለ። አልመጣም። "ውሃ ይመጣበታል ብለው ሠሩት፤ ውሃው ቀረና ሰው መጣበት" አሉ። ተማሪ በእሱ ይሄዳል፤ ሬሳ በእሱ ይሸኛል፤ ሙሽራ በእሱ ይመጣል።

ከዚያ ጠየቁኝ፦ "መንገድ ብላችሁ ከጻፋችሁት፣ ውሃው ቢመለስ የት ይሄዳል?"

ይህን ጥያቄ አላሰብኩበትም ነበር። ለራሴ እውነቱን ልናገር፦ የክሮተንን ታሪክ ስናገር የዘለልኩት ትልቁ ነገር ይኸው ነው። እዚያ አሮጌው መስመር ጡረታ የወጣው አዲስና ትልቅ መስመር ስለተተካለት ነው። በቧንቧው ውሃ ያጣ የለም። መንገዱ የተገኘው ከጥጋብ ነው። እዚህ ግን ቦዩ ሥራ የፈታው ውሃው ስለጠፋ ነው፤ ገበሬው ምትክ አላገኘም፤ አሁንም ይጠብቃል። ደርቋል ማለት ሞቷል ማለት አይደለም። በዚህ ቦይ ውስጥ አፈር ሞልተን፣ ጠጠር አልብሰን፣ አግዳሚ ወንበር ብናቆምበት፣ ለከተማ ሰው መናፈሻ እንሠራለን፤ የእኚህን ሰው ተስፋ ግን እንቀብራለን።

እዚያው ቁጭ እንዳልን ንድፉን ቀየርነው። መንገዱ በጥገናው መደብ ላይ ብቻ ይሄዳል፤ የቦዩ ውስጥ አይነካም። ውሃው ቢመለስ ከእግረኛው ጎን ይፈሳል፤ እንዲያውም ለዓይንም ለነፍስም ይስማማል። ሽማግሌው ሁለተኛ ጥያቄም ነበራቸው፦ መንገዱ እሰፋለሁ ብሎ ከማሳቸው ይወስድ እንደሆነ። ከመደቡ ስፋት አንድ ክንድ እንደማይጨምር ነገርናቸው፤ እሱንም "በጽሑፍ አድርጉት" አሉን። አደረግነው። በንድፉ የመጀመሪያ ገጽ ላይ፣ ከካርታው በፊት ያለው ዐረፍተ ነገር የእሳቸው ነው።

ቦዩ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ቀጥ ብሎ ሄዶ አንድ ጥልቅ ፈፋ ላይ ይቋረጣል። ድሮ ፈፋውን የሚሻገረው በሲሚንቶ አሸንዳ ነበር። ሁለቱ የድንጋይ ምሰሶዎች ቆመዋል፤ አሸንዳው ግን ተሰብሮ ከታች ወድቋል፤ በላዩ ላይ እንሽላሊቶች ፀሐይ ይሞቃሉ። ጓደኛዬ ለካው፦ 9 ሜትር ከ20። ከጣና እስከ ጢስ ዓባይ ካየናቸው ክፍተቶች ሁሉ አጭሩ ይህ ነው።

በምሰሶዎቹ ላይ ሁለት የባሕር ዛፍ ግንዶች ተጋድመዋል። አንደኛው መሃሉን ምስጥ በልቶታል፤ በጣቴ ስነካው እንደ ዱቄት ረገፈ። ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ከወዲያ ማዶ ካለው ትምህርት ቤት ልጆች መምጣት ጀመሩ። ወንዶቹ ሮጠው አለፉ። ከኋላ አንዲት ዐሥር ዓመት የሚሆናት ልጅ ቀረች። ኮንጎ ጫማዋን አወለቀች፤ ከደብተሯ ጋር ብብቷ ሥር አደረገችው፤ ጀርባዋን ለወንዙ ሰጥታ፣ በደኅነኛው ግንድ ላይ ጎን ለጎን፣ አንዱን እግር ከሌላው እያስጠጋች ተሻገረች። እስክትጨርስ ድረስ ሁላችንም ዝም አልን።

"በክረምትስ?" አልኳት።

"በክረምት ዞረን ነው።"

"ታረፍዳላችሁ?"

"የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ያልፈናል።" ጫማዋን አጥልቃ ሄደች።

ማታ ሽማግሌው ቤት አደርን። ባለቤታቸው እግራችንን በሙቅ ውሃ አስታጥበው የዳጉሳ እንጀራ በሽሮ አቀረቡልን። ሽማግሌው ስለ ፓምፑ እንደገና አወሩ፤ ስለ ግንዱም አወሩ። "ባሕር ዛፍ አለኝ" አሉ፤ ነገሩን እዚያው ተዉት።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10። ጢስ ዓባይ

ከፈፋው ማዶ እስከ ጢስ ዓባይ ከተማ ያለው መንገድ ብዙ የሚነገርለት አይደለም። ማሳ፣ ባሕር ዛፍ፣ ሁለት ትናንሽ ጅረቶች፣ ከዚያ እንደገና የጠጠሩ መንገድ። እግራችን ዝሎ ነበር። ከቀትር በፊት ደረስን።

እዚህ ሌላ ቦይ አለ፤ ይህኛው የመብራት ነው። ከፏፏቴው በላይ ከዓባይ ውሃ እየቀነሰ ወደ ኃይል ማመንጫው ይወስዳል። የመጀመሪያው ጣቢያ በ1964 እ.ኤ.አ. ሥራ ሲጀምር 11.4 ሜጋ ዋት ያመነጭ ነበር፤ ለባሕር ዳር የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካም ብርሃን የሰጠው እሱ ነው። ሁለተኛው፣ ትልቁ፣ በ2001 ተጨመረ። ያኔ አብዛኛው ውሃ ወደ ቦዩ ስለሚገባ በበጋ ፏፏቴው ቀጥኖ፣ ጥቁሩ ድንጋይ ተራቁቶ ይታይ ነበር። ጎብኚ መጥቶ "ጢሱ የት አለ?" እያለ ይመለሳል፤ በአስጎብኚነትና ጥጥ ፈትላ በምትሸምነው ነጠላ የምትተዳደረው መንደር ትጎዳለች። በ2010 እ.ኤ.አ. ደግሞ 460 ሜጋ ዋት ያለው ጣና በለስ ተከፈተ። ያ ውሃውን የሚወስደው ከዓባይ አይደለም፤ በሐይቁ ምዕራብ ዳርቻ ከቁንዝላ በኩል በዋሻ አሳልፎ ወደ በለስ ያወርደዋል። ጢስ ዓባይ ያሉት ጣቢያዎች ድርሻቸው ከዚያ በኋላ ቀነሰ።

ስለዚህ ጣና ዛሬ ሁለት መውጫ አለው፤ አንዱ የተፈጥሮ፣ አንዱ የሰው። ሽማግሌው ማክሰኞ የጠየቁት ጥያቄ በትልቁ ሲታይ ይኸው ነው፦ ውሃው ወዴት ሄደ፣ ቢመለስስ የት ይሄዳል? በአንድ ሐይቅ ላይ ገበሬው፣ መብራቱ፣ ፏፏቴው፣ ዓሣው፣ ታንኳው ሁሉ እጃቸውን ዘርግተዋል። እግረኛ የሚጠይቀው ግን አንዲት ጠብታ እንኳ አይደለም፤ ዳር ዳሩን ልሂድ ነው የሚለው።

የመብራቱ ቦይ ዙሪያ ጥበቃ አለው። ፈቃድ ጠየቅን፤ ከአጥሩ ውጭ እንድንሄድ፣ ፎቶ እንዳናነሣ ተነገረን። ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። ውሃው ፈጣን፣ ዳሩ የሚያዳልጥ ነው፤ ልጅ ቢወድቅበት የሚወጣበት የለም። የእኛ መንገድም በዚህ ቦታ ከቦዩ መራቅ አለበት። ሁሉም ቦይ መንገድ አይሆንም።

ከሰዓት በኋላ ወደ አላታ ድልድይ ወረድን። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ በ1626 እ.ኤ.አ. የተሠራ ነው፤ በዓባይ ላይ የመጀመሪያው የድንጋይ ድልድይ እሱ ነው። ወንዙ እዚህ ጠብቦ በጥልቅ ገደል ውስጥ ስለሚሄድ፣ ድልድዩ ሲያዩት ትንሽ ነው። እጄን በድንጋዩ ጠርዝ ላይ አሳረፍኩ። ለአራት መቶ ዓመት ሊሞላ ጥቂት በቀረው ጊዜ ውስጥ የአህያ ጭነት እየታከከ ያለፈበት ቦታ ከጎኑ ካለው ይልቅ የለዘበ ነው። እዚያ ስንቀመጥ አንዲት እናት ጤፍ የጫነች አህያ እየነዱ አለፉ፤ "እንዴት ዋላችሁ" አሉን፤ መልሳችንን ሳይጠብቁ ዳገቱን ያዙ።

ከድልድዩ ወደ ላይ ሲወጣ ፏፏቴው ፊት ለፊት ይመጣል። ቁመቱ 40 ሜትር ገደማ ሲሆን በክረምት ስፋቱ እስከ 400 ሜትር ይዘረጋል። ኅዳር ላይ ያ ሁሉ ስፋት የለም፤ ግን ሦስት ቦታ ተከፍሎ ነጭ ሆኖ ይወርዳል፤ እርጥበቱም ፊት ላይ ይደርሳል። ከዚያ ወዲያ በገመድ በተንጠለጠለው የእግረኞች ድልድይ ተሻግሮ፣ ከፏፏቴው በላይ በጀልባ ተመልሶ ከተማው መግባት ይቻላል። ይህ ዙር ተሠርቶ ያለቀ ነው። መንገዱ አለ፣ ድልድዩ አለ፣ ጀልባው አለ፣ የሚመራ ሰው አለ። ከባሕር ዳር በመኪና መጥቶ ሁለት ሰዓት ዞሮ የሚመለስ ሰው ግን በመሃሉ ያለውን 30 ኪሎ ሜትር አያይም፤ በመሃሉ ያለችው መንደርም አንድ ስኒ ቡና አትሸጥለትም።

ሌላም ትዝ አለኝ። በጎንደር የፋሲለደስ መዋኛ ለጥምቀት የሚሞላው ከቀሃ ወንዝ በቦይ በሚመጣ ውሃ ነው። ውሃን ከወንዝ ወደሚፈለግበት ቦታ መምራት ለአገራችን እንግዳ ሥራ አይደለም። የቦዩን ዳር ለመንገድ መጠበቅም አያቅተንም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11። መመለስ

ሌሊቱን በጢስ ዓባይ አድረን በማለዳ በመጣንበት መንገድ ተመለስን። የሄድንበትን መንገድ በተቃራኒው ማየት የቀያሽ ልማድ ነው ይላል ጓደኛዬ፤ ሲሄዱ ያልታየ ሲመለሱ ይታያል። እውነቱን ነው። የማክሰኞው ጥላ ያለበት ቦታ ሁሉ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የሚመታው ሆኖ አገኘነው፤ ዋርካና ዋንዛ ቢተከልባቸው ብለን ስድስት ቦታ መዘገብን። ውሃ የሚጠጣበት ምንጭም አንድ አገኘን፤ ስንሄድ በስተጀርባችን ቀርቶ ነበር።

ሰው ሁሉ ይጣደፋል። ነገ ኅዳር ሚካኤል ነው። የታጨደው ጤፍ ሊከመር፣ የተፈጨው ሊቦካ፣ ጠላው ሊጣል ነው።

ፈፋው ጋ ስንደርስ ከቀኑ 6 ሰዓት አልፎ ነበር። ምስጥ የበላው ግንድ የለም። በቦታው አዲስ የባሕር ዛፍ ግንድ ተጋድሟል፤ ቅርፊቱ ተልጦ፣ ነጭ ሆኖ፣ ገና ውሃ ያወጣል። በጎኑ ሌላ ሦስተኛ፣ ቀጠን ያለ ግንድ ተጨምሮ ሦስቱም በገመድ ተጠፍረዋል። ከላይ ደግሞ ወገብ በሚያህል ከፍታ፣ ከምሰሶ ወደ ምሰሶ፣ የሚያዝ ዘንግ ታስሯል። ጠረኑ ፈፋውን ሞልቶታል።

ሽማግሌው አልነበሩም፤ ማሳ ወርደዋል። ባለቤታቸው ከአጥሩ ጀርባ ሆነው ነገሩን፦ "ነገ ሚካኤል ነው፣ ብረት አይነሣም ብሎ ትናንት ቆርጦ አዋለ። የተሸከሙት ልጆቹ ናቸው።" ቡና እንድንጠጣ ጠሩን። "መጣን እናቴ" አልናቸው።

ጓደኛዬ እንደ ልማዱ የግንዶቹን ውፍረት ሊለካ ተንበረከከ። ከወዲያ ማዶ ልጆች መጡ፤ ወንዶቹ እንደ ማክሰኞው እየሮጡ አለፉ፤ ለመለካት የተንበረከከውን ሰው እየዘለሉ። ያቺ ልጅ ከኋላ መጣች። ግንዱ ጫፍ ላይ ቆመች፤ ወደ ታች አየች፤ ወደ ዘንጉም አየች። በአንድ እጇ ደብተሯን፣ በሌላው ዘንጉን ይዛ ፊት ለፊት ተራምዳ ተሻገረች። ጫማዋን አላወለቀችም።